የአጋር ሥዕል ኅዳግ

ሙጫ የአውራ ጣት አሻራ የላትም። ጣቱ አለ፤ የጠፋው አሻራው ነው። መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ማሽኑ ላይ አምስት ጊዜ አስጫኗት፤ ማሽኑ አምስት ጊዜ እምቢ አለ። ጸሐፊው ጣቷን በአልኮል ጠረገው፣ በፎጣ አሸው፣ በመጨረሻ ሰለቸውና «እትዬ፣ እንደ ማሽኑ ከሆነማ እርስዎ አልተወለዱም» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሙጫ ስትቀባ፣ ወረቀት ስትዳብስ፣ እርጥብ ጨርቅ ስትጨምቅ የኖረች ሴት ጣቷ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቢለሰልስ ምን ይደንቃል? ሳቋ ግን እስከ ቤቷ አልዘለቀም። አልተወለድሽም ያሏት ሰዎች ከዚያ ሰውዬ በፊትም ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ አልሳቁም።

ስሟም ሙጫ አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመቷ መጻሕፍት መጠረዣ ቤት ገብታ የስንዴ ሙጫ ማብሰል ሥራዋ ሲሆን ስሟ እዚያው ድስቱ ውስጥ ቀለጠ። ዛሬ የሚያንሷት «እትዬ ሙጫ»፣ እኩዮቿ «ሙጬ» ይሏታል። ከመጠረዣ ቤቱ ወደ ሰነዶች ቤት ከተዛወረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ያረጁና የተቀደዱ ወረቀቶችን የምትጠግነው ምድር ቤት ባለው ክፍል ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የመምጠጫ ወረቀት ቁልል፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የብረት ክብደቶች፣ ሰፋፊና ጠፍጣፋ መሳቢያዎች ያሉት ቁም ሳጥን። ከጣሪያው ሥር ያለችው መስኮት የምታሳየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ስለሆነ ሙጫ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በጫማው ታውቀዋለች።

ከቧንቧው በላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «የተገኘ ሁሉ ይመዘገባል»። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ከአሮጌ የፍርድ መዝገብ መካከል የተጨፈለቀ በረሮ አገኘችና ሪፖርቷ ላይ «በረሮ አንድ፣ የደረቀ፣ ግራ ክንፉ የጎደለ» ብላ ጻፈች። መሥሪያ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ። እሷ ግን አልሳቀችም። ያገኘውን የሚደብቅ ጠጋኝ፣ ውሎ አድሮ ያላገኘውን መጨመሩ አይቀርም ትላለች። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት።

አንድ ጠዋት በመስኮቷ አንድ ጥንድ ጫማ አለፈ። ቀኙ ሲረግጥ ወደ ውጭ ይዘማል። ሙጫ ብሩሿን አስቀመጠች። እንዲህ የሚራመዱ ሰዎች በዚህ ምድር ላይ ሦስት ነው የምታውቀው፤ አንደኛው ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ ሌላዋ ራሷ ናት። ሦስተኛው፣ መሐንዲሱ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ደረጃውን ወረደ።

«ደህና አደርሽ?» አለ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

እሷ ሃምሳ ስምንት፣ እሱ ሃምሳ ሁለት። ታላቅየዋ «እርስዎ»፣ ታናሽየው «አንቺ»። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ያረመው የለም።

«ቤቱ ሊሸጥ ነው» አለ መሐንዲሱ። «እናቴ ካረፈች ወዲህ ባዶውን ነው ያለው። ይቺን ሥዕል አንዲት የሥዕል ዋጋ ገማች ጋ ወስጃት ነበር፤ ከፍሬሙ ሳትወጣ ምንም አልናገርም አለችኝ። ማን ያውጣት ስላት...» ማጅራቱን አከከ። «ይሄን የምትችል አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ ሰነዶች ቤት ምድር ቤት ሂድ አለችኝ።»

«የማን ሥራ ነው?» አለች ሙጫ፣ እያወቀች።

«የአባቴ። ማለቴ፣ ሠዓሊው ሌላ ነው፣ ትልቅ ሰው ነበር አሉ፤ ያተመው አባቴ ነው።»

አባቴ አለ። ሁለት ጊዜ። ሙጫ ብርድ ልብሱን ገለጠች።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው ያየችው። አብርሃም አጋርን ከልጇ ጋር ከቤቱ ሲያሰናብታት የሚያሳይ ሊቶግራፍ ነው፤ በድንጋይ የሚታተም ሥዕል ማለት ነው። ሠዓሊው በለሰለሰ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይስላል፤ አታሚው ድንጋዩን ውሃ አጠጥቶ ቀለም ሲያስኬድበት ቀለሙ ቅባቱን ይይዛል፣ ከውሃው ይሸሻል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ አለው። ይህኛው አምስት ድንጋይ ፈጅቷል፦ አሸዋው፣ ሰማዩ፣ ልጁ፣ አብርሃም፣ በመጨረሻም አጋር። የዘመናዊ ሠዓሊ ሥራ ስለሆነ ፊት የለውም፣ ዓይን የለውም። አብርሃም የጎበጠ ጥቁር ግንብ ነው፤ እጁ ጣት የለውም፣ የሚያመለክተው ግን መንገዱን ነው። ልጁ በአጋር ቀሚስ ሥር የተወሸቀ ቢጫ እራፊ ነው። አጋር ከላይ እስከ ታች አንድ ቀይ ቀሚስ ብቻ ናት።

ነበረች ማለት ይሻላል። አሁን ቀዩ ሺህ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። አብርሃም እንዳለ ቆሟል፤ ጥቁር ቀለም ፀሐይ አይነካውም። ከአጋር የቀረው ደብዛ ነው፤ የተሸከመችው ዳቦና የውሃ አቁማዳ በጥቁር ስለታተሙ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል።

«የት ነበር የሰቀላችሁት?»

«ሳሎን፣ መስኮቱ ፊት ለፊት። እናቴ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ጨለማ ውስጥ አይሰቀልም ትል ነበር። በየሳምንቱ መስታወቱን ራሷ ነበር የምትወለውለው። ከሷ በቀር የሚነካው አልነበረም።»

አክብራ ገደለችው ማለት ነው። ንቃው አልጋ ሥር ብትወረውረው ኖሮ ዛሬ ቀዩ እንደ ትናንት በሆነ ነበር።

«ከታች በኩል ነጭ ኅዳግ ነበረው» አለ መሐንዲሱ። «በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበረበት ስትል ሰምቻለሁ፤ የሠዓሊው ፊርማ ነው የሚመስለኝ። ገማቿ ፊርማው ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው ብላለች። ችግሩ እናቴ ገና ፍሬም ሲገባ አስቆረጠችው። ጽሑፉ ግድግዳዬን ያቆሽሸዋል አለች።»

«እሳቸው ናቸው ያስቆረጡት?» አለች ሙጫ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እሷ ናት። ምነው?»

«ምንም። ለሪፖርቱ ነው።»

ለሪፖርቱ አልነበረም። ይህን ለመረዳት ወደ አታሚው ቤት መመለስ ያስፈልጋል።

የአታሚው ቤት ከፊት ሳሎን፣ ከኋላ ማተሚያ ክፍል፣ በሁለቱ መካከል አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረው። በጠባቧ ክፍል የሙጫ እናት ትተኛ ነበር። ጠዋት ሳሎኑን ታጸዳለች፣ ከሰዓት ማተሚያ ቤቱን ታጥባለች፤ የቤቱ ሠራተኛ ናት። እመቤቲቱ ለዓመታት ሳትወልድ እሷ ወለደች። የሕፃኗ ግንባር የማን እንደሆነ ጎረቤቱ አወቀ፣ ደንበኛው አወቀ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ እመቤቲቱ ብቻ አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ሆድ ይፍጀው ብላለች። ልጅቷ አባቷን «ጋሼ» አለችው፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጋሼ ስለሚለው። ስድስት ዓመት ሲሆናት እመቤቲቱም ተሳክቶላት ወንድ ልጅ ወለደች። ሙጫ ያንን ልጅ አዝላ አስተኝታዋለች፤ ጀርባዋ ላይ ሸንቶባታል።

ልጁ ጡት በጣለ ሰሞን ሆድ ይፍጀው ማለት አበቃ። እናትና ልጅ አንድ ጥቅል ልብስና አንድ ዳቦ ይዘው በኋላ በር ወጡ። አታሚው ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ በሩን አልፈው ሲሄዱ የማሽኑ መዘውር ሲዞር ይሰማ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ታሪኩን ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ ይህ ሰውዬ ታሪኩን ማንበብ ብቻ ሳይሆን በአምስት ቀለም አትሞ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። ዓይንን በጨው መታጠብ ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ሙጫ አንድ ነገር ነበራት። ያንን ይዛ ነው ሃምሳ ሁለት ዓመት የኖረችው።

ያ ሥዕል በሚታተምበት ወቅት ነው፤ ልጁ ሊወለድ ጥቂት ቀርቶታል። ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ላይ የተሰጡ ወረቀቶች፣ የቀለም ሽታ፣ ከታች ወለሉን የምታጥብ እናቷ። ጋሼ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። የቀኝ እጇን ያዘና በላምባ በራሰ ጨርቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገላት፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። ለምን እንደጠረገላት አታስታውስም። የምታስታውሰው የላምባውን ቅዝቃዜና እጁን ነው፤ በሕይወቱ እጇን የያዘው ያን ቀን ብቻ ነውና። ከዚያ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሥዕል ግርጌ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ምን እየጻፉ ነው?» አለችው። ፊደል ገና አልቆጠረችም።

«ስለ አንቺ ነው» አለ።

ይኸው ነው ያላት። ስለ አንቺ ነው። ሌላው ሰው ከአባቱ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል፤ እሷ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ወረሰች። ከቤት ሲያስወጧት ይዛት ወጣች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ጋሼ ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ብሎ መጠረዣ ቤት ወስዶ ሲያስቀጥራት፣ ለባለቤቱ «የማውቃት ልጅ ናት» ሲል ይህችኑ አሰበች፦ ግድ የለም፣ በአፉ ባይለው በእርሳስ ጽፎታል። ከዚያ ወዲያ በዓመት ሁለት ሦስቴ ለሥራ ብቅ ሲልና «እንዴት ነሽ ጎበዝ» ብሎ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲሄድም እንዲሁ። ቀብሩ ላይ ከጎረቤቶች መካከል ቆማ «የአንድ ልጅ አባት ነበሩ» ተብሎ ሲነበብም፣ አንገቷን ደፍታ፣ ተጽፏል፣ አለች በሆዷ። ከፍሬሙ ጠርዝ ሥር ቢሸፈንም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አሁን ደግሞ ሚስቱ ራሷ አስቆርጣዋለች። ሙጫ መሐንዲሱን ከሸኘች በኋላ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አሰበችው። የትኛዋ ጤነኛ ሴት ናት የታዋቂ ሠዓሊ ፊርማ የምታስቆርጥ? ፊርማማ ለእንግዳ ይታያል። የሚቆረጠው የማይታይ ነገር ነው። «ለልጄ» ቢል ነው እንጂ! የእሷን ስም ቢል ነው! ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ መታ፤ አፈረችበትም።

ቁራጩ የት እንደሚሆን ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም፤ ጠጋኝ መሆን ይበቃል። የድሮ ፍሬም ሠሪ ወረቀት አይጥልም። መስታወቱ ፍሬሙ ጎድጎድ ውስጥ ከላላ እንዳይንኳኳ ያገኘውን ቅዳጅ አጣጥፎ ይሰገስግበታል። ሙጫ በዚህ መንገድ የፍቅር ደብዳቤ፣ የሕፃን የክትባት ካርድና የአንድ ቄስ ፎቶግራፍ ግማሽ ፊት አግኝታ ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት በሯን ቆልፋ ፍሬሙን በፊቱ አስተኛችው። የጀርባውን ቡናማ ወረቀት በምላጭ ከፈተች። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅላ ኩባያ ውስጥ ጣለቻቸው፤ አሥራ ስምንት ናቸው፣ መዘገበቻቸው። የጀርባው ካርቶን በአሲዱ ሥዕሉን ቡናማ አድርጎበታል። ሥዕሉን በሁለት እጇ አንስታ ንጹሕ መምጠጫ ላይ አሳረፈችው። በማጉያ መነጽር እየቃኘች በተለመደው ቅደም ተከተሏ ጻፈች፦ ቀዩ ቀለም ክፉኛ የደበዘዘ፤ በላይኛው ቀኝ ጥግ ቡናማ ነጠብጣብ፤ በቀሚሱ ጠርዝ የባቄላ ፍሬ የምታክል ቀለም የተነሣባት ነጥብ፣ ሲታተም የተፈጠረች እንከን ሳትሆን አትቀርም፤ የታችኛው ኅዳግ በስለት የተቆረጠ። ልቧ ሌላ ቦታ ቢሆንም እጇ ሥራውን አላዛባም።

ከዚያ ፍሬሙን አቆመችው። ከታችኛው ጎድጎድ ውስጥ በአቧራና በጊዜ ብዛት እንጨት የመሰለ፣ አራት እጥፍ የሆነ ወረቀት ተሰንቅሯል። ስለት በሌለው ቀጭን ቢላዋ ለማላቀቅ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። በእርጥብ መምጠጫ መካከል አስቀምጣ ወረቀቱ እስኪለሰልስ ጠበቀች። ቧንቧው ይንጠባጠባል። በመስኮቱ እግሮች ይመላለሳሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠበቀች ሴት ያቺን ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አቃታት፤ ሁለት ጊዜ ከፈተችው፣ ሁለት ጊዜ ገና ነው ብላ መለሰችው።

በሦስተኛው እጥፉ ተፈታ። መጀመሪያ የታያት ቀይ ነው። ጨለማ ውስጥ ስለኖረ ገና አሁን የታተመ ይመስላል፤ ያቺ የጠፋችው የአጋር ቀይ ናት። ግን ቅርጽ አላት። ዙሪያዋ ክብ፣ መስመሮቿ ጥርት ያሉ፣ አንዲት ትንሽዬ አውራ ጣት። የልጅ አውራ ጣት። ከጎኗ በእርሳስ፣ ሙጫ በመጠረዣ ቤት ደረሰኞች ላይ ለዓመታት ባየችውና በምታውቀው በጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦

«የሠራተኛዋ ልጅ ነካችው፤ ተበላሸ። ከቁጥር አይገባም። ይወገድ።»

ሙጫ አነበበችው። ቀጥላ እንደ ሥራዋ ልማድ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ምናልባት የተሳሳተች እንደሆነ። አልተሳሳተችም። ማተሚያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር አለው፤ የተበላሸው ሠዓሊው እንዲያየው ምክንያቱ ኅዳጉ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ይጣላል። ደንብ ነው። በእርጥብ ቀለም የተነከረውን የልጅ ጣት በላምባ መጥረግም ደንብ ነው፤ ሌላ ወረቀት እንዳታበላሽ። ስለዚህ ነበር እጇን የያዛት። በቀሚሱ ጠርዝ ላይ ያለችው የባቄላ ፍሬ ነጥብም የእሷ ጣት ናት።

አልዋሻትም። ስለ አንቺ ነው አለ፤ ስለ እሷ ነው። ምን ብሎ ይጻፍ ኖሯል የሚል ሰው ይኖራል፤ ሠዓሊው ያነበዋል፣ ሚስቱ ታነበዋለች፣ ሰው ፈርቶ ይሆናል። ሙጫ ይህንም አሰበችው፤ ግን አንጀቷን አላራሰውም። እርሳሱ በእጁ ነበር። አጠገቡ ቆማ ምን እየጻፉ ነው ብላ የጠየቀችው እሷ ነበረች። «ልጅ ነካችው» ቢል ማን ምን ይለው ነበር? አንዲት ቃል መቀነስ ብቻ ነበረበት፤ ያንን ቢቀንስ ይበቃት ነበር። ሚስቱ ደግሞ ያቺን ቃል እንኳ ግድግዳዋ ላይ አልፈለገችም፤ የሠራተኛዋ ልጅ በጽሑፍም ከቤቷ ትውጣ ብላ አስቆረጠቻት።

አውራ ጣቷን ከቀይዋ ጣት አጠገብ አስቀመጠች። ለስላሳ፣ ባዶ፣ የተሰነጠቀ የአሮጊት ጣት። ማሽኑ አምስት ጊዜ ፈልጎ ያጣው እዚህ ነው ያለው። አለቀሰች። ጠጋኝ ሥዕል አጠገብ አያለቅስም፣ እንባ ጨው ነው፣ ወረቀት ይበላል፤ ስለዚህ ቧንቧው ጋ ሄዳ አለቀሰች።

ቧንቧው ሥር ባልዲ አለ፣ ባልዲው ውስጥ የቆሻሻ ወረቀት። ቁራጩን ይዛ ነበር የሄደችው። ጨምድዳ ብትጥለው ማን ያውቃል? ሃምሳ ሁለት ዓመት ያኖራት ዓረፍተ ነገር ባለበት ይቆያል። ቀና ስትል የገዛ እጇ ጽሑፍ አፈጠጠባት፦ የተገኘ ሁሉ ይመዘገባል። «አንቺም ሞኝ ነሽ» አለችው ለወረቀቱ፣ ወይም ለራሷ። ተመልሳ ቁራጩን ሁለት መምጠጫ መካከል አስገብታ ክብደት ጫነችበት።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ ከገማቿ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጣ። ሙጫ ክብደቱን አንስታ አሳየችው። አነበበ። ጆሮው ቀላ። እነሱ ቤት ሰው ሲደነግጥ የሚቀላው ጆሮው ነው፤ የእሷም እንደዚያ ነው።

«ፊርማ የለማ» አለ በመጨረሻ።

«የለም። የተበላሸ ወረቀት አይፈረምበትም። ጋሼ ይወገድ ብለው ጽፈው ሲያበቁ ቤት አምጥተውታል።»

በሩን ዞር ብሎ አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ይቺ ቁራጭ... ገማቿ እኮ አላየቻትም። ኅዳጉ ከነፊርማው ተቆርጦ ጠፋ ቢባል፣ ውሸት ነው የሚል አይኖርም።»

«እኔ እኖራለሁ።»

«አንቺስ ቢሆን ምን ያደርግልሻል?» አለ። ሊያባብላት ነው የፈለገው፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። «ስለ አንቺ እኮ ነው የተጻፈው። ሰው ባያነበው አይሻልሽም?»

ስለዚህ ያውቃል። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። ሙጫ ለአፍታ አየችው፤ ጀርባዋ ላይ የተኛው ልጅ፣ ሽበት አውጥቶ።

«ተገኝቷል» አለች። «የተገኘ ይመዘገባል።»

ገማቿ መጣች፤ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት። ሥዕሉን አየች፣ ቁራጩን አነበበች፣ ከሥዕሉ ግርጌ አስጠግታ የስለቱን መስመር ከመስመር ገጠመች። ልክ ነው። «ከእትሙ ቁጥር ውጭ ነው» አለች። «ፊርማ የለው፣ ቁጥር የለው፣ ቀዩ አልቋል። አዝናለሁ፣ ለገበያ አይሆንም። ለቤተሰብ ማስታወሻነት ግን ጥሩ ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀይዋን ጣት በማጉያ አየች። «ይቺ ደግሞ እንዴት ጥርት ብላለች! የማን ልጅ ትሆን?»

ሙጫ የመረከቢያ ደብተሩን ገለጠች። ገማቿም ለሌላ ቀጠሮ ቸኩላ ወጣች።

መሐንዲሱ ብርድ ልብሱን አጣጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጣጠፈ። ሥዕሉን ወስዶ የት ያድርገው? ቤቱ እየተሸጠ ነው፤ እሱ ጋ ያለው ግድግዳ ትንሽ ነው። ሰዓቱን አየ። ከዚያ አንድ መልካም ሐሳብ እንደመጣለት ሰው ፊቱ ፈካ አለ።

«ለምን አንቺ ጋ አይሆንም?» አለ። «ለነገሩ የአባታችን አይደል?»

አባታችን። ይህቺን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። በእናቷ አልጋ አጠገብ ጠብቃታለች፣ በመጠረዣ ቤት ድስት አጠገብ ጠብቃታለች፣ ቀብሩ ላይ ቆማ ጠብቃታለች። ሥዕሉ ዋጋ ይኖረው ይሆናል በተባለበት ጠዋት «አባቴ» ነበር። አሁን ቆሻሻ ሲሆን የሁለታቸው ሆነ።

«መረከቢያው ላይ ይፈርሙ» አለች። «ሲያመጡት በስምዎ ነው የተመዘገበው፤ ለቀውታል ብለው ይፈርሙ።»

ፈረመ። «በይ ደህና ዋይ» አለ። «በርቺ።» ቀኝ እግሩ ወደ ውጭ እየዘመ በመስኮቷ አለፈ። እስኪያልፍ ድረስ አየችው።

ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ከነገ ወዲያ ይደርሳል ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። ስስ የስንዴ ሙጫ በጠበጠች፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የጥገና ወረቀት በውሃ አስምራ ቀደደች። ቁራጩን ከተቆረጠበት ጫፍ ጋር፣ ክር ከክር አገናኝታ፣ ከጀርባ መለሰችው። የአጋር ቀሚስ ቀለሙ አልተመለሰም፣ የጠፋ ቀለም አይጠገንም፤ ከግርጌዋ ግን ያቺ ጣት እንደ አዲስ ቀላች። ሙጫ በሕይወቷ ከሠራቻቸው መጋጠሚያዎች ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። መስመሩን በጣቷ ስትዳብሰው አልተሰማትም።

ሪፖርቱ ላይ ሁሉንም አሰፈረች፦ ምስማር አሥራ ስምንት። በአራት የታጠፈ ቁራጭ ኅዳግ አንድ። የሕፃን አውራ ጣት አሻራ፣ ቀይ፣ ያልደበዘዘ። የእርሳሱን ጽሑፍ ቃል በቃል ገለበጠችው፣ ነጥቡን ሳታጎድል። ይወገድ ይላል፣ አልተወገደም፣ ብላም ጨመረች፤ ለምን እንዳልተወገደ ግን አልጻፈችም፤ አላገኘችውማ። የወረቀት ንፉግ ስለነበር ይሆናል። ሚስቱ ስለወደደችው ይሆናል።

የመሳቢያው ካርድ ብቻ ቀረ። ርዕስ፦ የአጋር መሰናበት። ዓይነት፦ ባለ ቀለም ሊቶግራፍ፣ አምስት ድንጋይ። አቀማመጥ፦ ጨለማ ውስጥ። ባለቤት፦

እዚህ ላይ እርሳሷ ቆመ። ስሟን መጻፍ ትችል ነበር፤ የመታወቂያውን ስም፣ እናቷ ያወጣችላትን። ሙጫ ብላም መጻፍ ትችል ነበር። እናቷን አሰበች፤ በጠዋት ሳሎን የምታጸዳውን፣ ከሰዓት የቀለም ወለል የምታጥበውን፣ አንዲት ዳቦ ይዛ ሳታለቅስ የወጣችውን። የጋሼን ዓረፍተ ነገር ድጋሚ አየችው። ስድብ ብሎ ይጻፈው እንጂ ውሸት የለበትም።

እርሳሱን ቀርጻ፣ ከእሷ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ እንዲነበብ አጥርታ ጻፈችው፦ የሠራተኛዋ ልጅ።